አስተርጓሚዋ ታማለች

በሰባት ዓመቴ ሥራ ያዝኩ። ደሞዝ የለው፣ ዕረፍት የለው። ሥራው ለእናቴ አረብኛ ማስተርጎም ነበር።

እናቴ ሳዑዲ የገባችው እኔ ሳልወለድ፣ ገና ልጃገረድ ሳለች፣ በሰው ቤት ልትሠራ ነው። አባቴን አግብታ፣ ከማዳሟ ቤት ወጥታ፣ ደቡብ ኹበር የራሷን ጎጆ ስትይዝ አረብኛዋ ግን እዚያው ማዳም ኩሽና ውስጥ ቀረ። ሽንኩርት፣ መጥረጊያ፣ ኸላስ፣ ማፊ፣ ሙሽኪላ፤ በቃ፣ የለም፣ ችግር። ለገበያ ይበቃል። ለሐኪም ወይም ለትምህርት ቤት ግን አይበቃም። አባቴ አረብኛ ይችላል፤ ነገር ግን ከደማም ሪያድ ዕቃ የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ቤት የሚገኘው ወይ ዓርብ ነው ወይ መኪናው ሲበላሽ ነው። ቢገኝም በዚያ አገር ወንድ በሴቶች በር አይገባም። ስለዚህ የቀረሁት እኔ ነኝ፣ አንድ ልጃቸው።

እኔ ደግሞ እዚያው ኹበር ተወልጄ፣ መንግሥት ትምህርት ቤት ገብቼ፣ አረብኛን ከነጉሮሮው የተማርኩ ነኝ። በስልክ ሳወራ የሰማኝ ሰው የአገሩ ትልቅ ቤተሰብ ልጅ ያደርገኛል። ስልኩ ሲዘጋ ወደ ሐበሻነቴ እመለሳለሁ።

እውነቱን ከተናገርን ቃል በቃል አስተርጉሜ አላውቅም። አከራያችን ውሃ ሲያጠፋብን እናቴ በሩ ላይ ቆማ «በይው! ይሄ ቧንቧ እንደደረቀ አላህ ጉሮሮውን ያድርቀው!» ትላለች። እኔ ወደ ሰውዬው ዞር ብዬ «እናቴ ሰላም ትልሃለች፤ ውሃው ትንሽ አነሰብን» እላለሁ። እሱ «እነዚህ ሐበሾች ውሃውን ይጠጡታል ወይስ ይዋኙበታል?» ይላል። ለእናቴ «ይቅርታ ጠይቋል፣ ኢንሻአላህ ነገ ይሠራል» ብዬ አቀርባለሁ። እናቴ ልቧ ይራራና እጇን ዘርግታ ትመርቀዋለች። ሰውዬው ተሳድቦ መመረቁ ግራ ይገባውና ሄዶ ውሃውን ይለቅልናል። እኔ ታዲያ ይህን ሁሉ ውሸት አልለውም ነበር፤ ሙያ እለው ነበር።

በሰፈሩ የሐበሻ ሴቶች ዘንድ ስሜ ገነነ። ቀጠሮ ያላት ሁሉ «ያቺን አፈኛ ልጅሽን አውሽኝ» እያለች እናቴን ትለምናለች። እኔም ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ከአንዷ ጋር ወደ ክሊኒክ፣ ከሌላዋ ጋር ወደ ጥርስ ሐኪም እሄዳለሁ። በአስራ ሁለት ዓመቴ ስለ ሐሞት ጠጠርና ስለ ማህፀን የማላውቀው ነገር አልነበረም። «ወላሂ ትልቅ ሰው ናት» ይሉኛል፤ እኔም አምኜ ተንቀባረርኩ።

ስልክ ላይማ ጭራሽ ሹመቴ ከፍ ይላል። አረብ የሆነ ሰው ከደወለ እናቴ ስልኩን እንደ ጋለ ድስት ከራሷ አርቃ ይዛ ወደ እኔ ትሮጣለች። ደዋዩ «እናትየዋን ፈልጌ ነበር» ካለ ድምፄን ወፈር አድርጌ «እኔ ነኝ» እላለሁ። ለስንት ዓመት ስልክ ላይ የራሴ እናት ነበርኩ። ማንም ቅሬታ አላቀረበም።

እንግዲህ ይቺ የተከበረች ሴትዮ ሳነዊ ሁለተኛ ዓመት ላይ ታመመች። ሳነዊ የሚሉት ሁለተኛ ደረጃውን ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር 2016 ሊያልቅ ሲል መሆን አለበት፤ ብርድ ልብስ ያወጣንበት ሰሞን ነበር።

በሽታው ወግ ያለው በሽታ ቢሆን ምን ነበረበት? ትኩሳት የለው፣ ሳል የለው። መጀመሪያ የጠፋብኝ ፀጉር ማበጠር ነው። ነገ አበጥረዋለሁ ብዬ ቋጠርኩት፤ ነገ ሲመጣ ክንዴ አልነሳ አለኝ፤ ከዚያ ቋጠሮው በራሱ መኖር ጀመረ። ትምህርት ቤት ገብተን ሒጃብ ስናወልቅ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ አይታ «አዲስ ፋሽን ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ወዲያው ደግሞ ምግቡ ሁሉ ካርቶን ካርቶን ይለኝ ጀመር። ከትምህርት ቤት መጥቼ ዩኒፎርሜን ሳላወልቅ እጋደምና መግሪብ አዛን ሲል እንኳ ከዚያው ነኝ። ማልቀሻ ቦታዬ የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት ነበር፤ የመጨረሻው በር መቆለፊያው ደህና ስለነበር እሱን መርጬ ይዤው ነበር። ሌላ ሰው ሲገባበት የተደፈርኩ ያህል ይከፋኛል። አስቡት፣ ለማልቀሻ ወረፋ መጠበቅ!

ስተኛ የማደርገው ዱዓ አጭር ነበር። ያ ረቢ፣ ነገ አታንቃኝ። መሞት አልፈለግሁም፣ አለመንቃት ነው የፈለግሁት። ያን ጊዜ ልዩነቱ በጣም ትልቅ ይመስለኝ ነበር፤ ብልጥ ነኝ ብዬ የማስብ ልጅ ስለነበርኩ።

ከሁሉ በላይ ያቃጠለኝ ግን ምክንያት ማጣቴ ነው። ዓርብ ዓርብ ቤታችን የምታድር አንዲት የወሎ ልጅ ነበረች። በየመን በኩል በጀልባ ተሻግራ የመጣች፣ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የሌላት፣ ፖሊስ ባየች ቁጥር መንገድ የምትቀይር፣ በየሰው ቤት በቀን ሥራ የምታድር። ከእኔ የምትበልጠው በጥቂት ዓመት ነው። እና ይቺ ልጅ ስትስቅ ጎረቤት ይሰማል! በረሃ ላይ ጫማዋ ተቃጥሎ በሰው ጫማ የሄደችበትን ስታወራ ራሷ ቀድማ ትስቃለች፣ ሆዷን ይዛ ትወድቃለች። እኔ ኢቃማዬ ቦርሳዬ ውስጥ፣ ኤሲ ከአናቴ በላይ፣ እናትና አባቴ በሕይወት፣ ግድግዳ እያየሁ አለቅሳለሁ። ኢቃማ ያላት ልጅ ምን ሆና ታለቅሳለች? ምክንያት ፍለጋ ተሰማራሁ። ፈተና ወድቄ እንደሆነ አየሁ፤ አልወደቅሁም። የተጣላኝ ሰው እንዳለ አሰብኩ፤ ማንም ከቁም ነገር ቆጥሮ አልተጣላኝም። አንድ ቀንማ «ምናለ ድመታችን ሞታ በሆነ፣ ለእሷ ነው የማለቅሰው እል ነበር» ብዬ ተመኘሁ። ድመት የለንም።

አባቴ «ዓይን ነው» አለ። «አፈኛ ናት፣ አፈኛ ናት ሲሉ ሲሉ አፏን በሏት።» ከሪያድ በመጣበት ዓርብ እንቅልፍ እየጣለው፣ አንገቱ እየተሰበረ፣ በጆግ ውሃ ላይ ቁርኣን ቀራልኝ። ጠጣሁ። አልሻለኝም። ግን አባቴ በዚያ ሁሉ ድካሙ አንዲት አንቀጽ ሳይስት እስከ መጨረሻው ሲቀራልኝ ሳየው እንዲህ ለሚወደኝ ሰው መዳን እንኳ ባለመቻሌ ራሴን ጠላሁት።

ለምን በአማርኛ ቁጭ ብዬ አልነገርኳቸውም? አንደኛ፣ አማርኛዬ የቤት አማርኛ ነው። ስለ ምግብ፣ ስለ ቁጣና ስለ ሶላት እንደልቤ አወራበታለሁ፤ ለዚህ ነገር የሚሆን ቃል ግን ስፈልግ አጣሁ። ደበረኝ ብል እናቴ «ማን የማይደብረው አለ? ተነሺና ዕቃ እጠቢ» ትለኛለች። ሁለተኛው ግን እውነተኛው ነው፤ ፈራሁ። በእኛ ሰዎች ዘንድ አንድ ልጅ ነገረ ሥራው ካላማረ መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ኹሩጅ። ለመጨረሻ መውጫ ፓስፖርቱ ላይ ይመታለታል፣ አገር ቤት ዘመድ ጋ ይላካል፣ «አየር ትቀይር» ይባላል፣ አበቃ። የአስተርጓሚ ደንበኞቼ ከነበሩት የአንዷ ሴትዮ ልጅ እንዲህ ሄዳ አልተመለሰችም፤ ትምህርቷም እዚያው ተቋረጠ። እኔ ደግሞ አገር ቤትን የማውቀው ለአንድ ክረምት ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ነው፤ ያኔ ዘመዶቼ እኔን ለማነጋገር አስተርጓሚ ሳያስፈልጋቸው አልቀረም። እናቴን አጥቼ እዚያ ብቻዬን ከተጋደምኩ እንደማልነሳ በእርግጠኝነት አውቀው ነበር። ስለዚህ እናቴ እንዳታውቅ ብዬ ቆረጥኩ።

አንድ ከሰዓት በኋላ እናቴ ሊጥ እያቦካች ስልኳ ጮኸ። ከነሊጧ አንስታ «ሃሎ?» አለችና ዓይኗ ፈጠጠ። «አረብ ናት! ነይ፣ ነይ፣ አናግሪያት!» ከተኛሁበት ተነስቼ ሊጥ የተለጠፈበትን ስልክ ጆሮዬ ላይ አደረግሁ።

«የእገሊት እናት ነሽ?» አለች ደዋይዋ። ድምጿን አወቅሁት። የትምህርት ቤታችን ሙርሺዳ ናት፣ የተማሪዎች አማካሪ። እገሊት የተባልኩት እኔው ነኝ።

ምን ይዋጠኝ! በልምድ ግን አፌ ቀደመ። «አዎ፣ እናቷ ነኝ» አልኩ፣ በዚያች በወፍራሟ ድምፄ።

«ስለ ልጅሽ ተጨንቄ ነው የደወልኩት» አለችኝ። «ክፍል ውስጥ ጭንቅላቷን ዴስክ ላይ ጥላ ትውላለች። በዕረፍት ሰዓት አትበላም። ሽንት ቤት ገብታ ስታለቅስ ልጆች ሰምተዋታል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ይሄ የድብርት በሽታ ይመስለኛል፣ ሐኪም ሊያያት ይገባል። ቤት ውስጥ አላስተዋልሽም?»

«አስተውያለሁ» አልኩ። «ፀጉሯን እንኳ አታበጥርም። ስጠራት አትሰማኝም። ብትነግረኝ ጥሩ ነበር፣ ግን አትነግረኝም።» ይህን ስል ያቺ ልጄ በጣም አሳዘነችኝ። ለራሴ አንድ ቀን እንኳ አዝኜ የማላውቅ ሰው፣ ለልጄ አለቀስኩ። ሙርሺዳዋ «አይዞሽ እናቴ፣ አታልቅሺ» አለችኝ። ሐኪም ጋ እንድወስዳት ቃል አስገብታኝ ዘጋች።

እናቴ ሊጧን ትታ ቆማ ትጠብቀኛለች። «ምን አለች? ለምን ታለቅሻለሽ?»

እንግዲህ የሙያዬን ከፍታ ተመልከቱ። «ከትምህርት ቤት ናት» አልኳት። «ጎበዝ ልጅ ናት አለች። ትንሽ ደክሟታልና ለማንኛውም ሐኪም ይያት አለች።» የእናቴ ፊት ላይ ያለው ጭንቀት አልለቅ ሲለኝ ጊዜ ጨመር አደረግሁበት፦ «ደግሞ፣ እንዲህ ዓይነት ጨዋ ልጅ ያሳደገች እናት ትመስገን ብላለች። ለእሱ ነው ያለቀስኩት።»

እናቴ ሊጧ ውስጥ እጇን ከትታ ቆመች። «እንደዚያ አለች? ስለ እኔ?» በዚያ አገር ለሃያ ዓመት ስትኖር ወንበር ያለው ሰው አመስግኗት አያውቅም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሦስት ሰው አውርታዋለች።

አል ሒዛም አል-አኽደር የሚባል ሰፈር ያለ አንድ ክሊኒክ ሄድን። ሐኪሟ ሱዳናዊት ናት፣ ትልቅ ሴት፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ የምታደርግ። በልምድ እኔ መሃል ላይ ተቀመጥኩ። በሽተኛዋም እኔ፣ አስተርጓሚዋም እኔ።

«እናትሽን ጠይቂልኝ» አለች ሐኪሟ፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው የተለወጠችው? ቤት ውስጥ ምን ታያለች?»

«እማ፣ ምን ምን እንደምበላ ትጠይቅሻለች።»

እናቴ ተነሳሳች። ጠዋት እንቁላል እንደምትሰጠኝ፣ ሩዙን በሥጋ እንደምትሠራው፣ ገንፎም እንደሞከረች፣ እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ በምግብ የተረገምኩ እንደሆንኩ፣ አባቴም በልጅነቱ እንዲሁ እንደነበር፣ እጇን እያወናጨፈች ረጅም ታሪክ ተረከች። ሐኪሟ በትዕግሥት ጠበቀችና ወደ እኔ ዞረች።

«ደህና ናት ትላለች» አልኩ።

«ይህን ሁሉ ተናግራ ደህና ናት ብቻ?»

«አማርኛ ረጅም ቋንቋ ነው» አልኳት።

ሐኪሟ መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። ከዚያ እናቴን ተወችና እኔን በቀጥታ ትጠይቀኝ ጀመር። አጠያየቋ ለስላሳ ነበር፤ እኔም ደክሞኝ ነበር። ነገርኳት። የዱዓዬን ነገር ሳይቀር ነገርኳት። እናቴ ጎኔ ናት፤ ቦርሳዬን ጭኗ ላይ ታቅፋ፣ ጥሩ ልጅ ያሳደገች እናት ሆና፣ ለሐኪሟ አክብሮት ፈገግ እያለች አንገቷን ትነቀንቃለች። እኔ ነገ ባልነቃ ደስ ይለኛል እላለሁ፣ እሷ ትነቀንቃለች። ከሕይወቴ አንድ ደቂቃ ማጥፋት ብችል ይህንን ነበር የማጠፋው።

«እናትሽ ማወቅ አለባት» አለች ሐኪሟ። «ደም እናያለን፤ በሁለት ሳምንት ደግሞ የአእምሮ ሐኪም ባልደረባዬ እዚሁ ስላለች ከእሷ ጋር አብረን እናይሻለን። እስከዚያ ብቻሽን እንዳትሆኚ። ንገሪያት።»

«ምን አለች?» አለች እናቴ።

«ቫይታሚን ዲ አንሷታል አለች። ፀሐይ ያስፈልጋታል።»

«ሱብሐነላህ!» እናቴ ክሊኒኩን አናጋችው። «ይሄ ሁሉ ፀሐይ እየጠበሰን! አገሩ በሙሉ ፀሐይ ሆኖ የእኔ ልጅ ፀሐይ አጣች?» ሐኪሟ ምን እንዳለች ስትጠይቀኝ «ታመሰግንሻለች» አልኳት። የሚገርመው የደሙ ውጤት ሲመጣ ቫይታሚን ዲው እውነትም ዝቅ ብሎ ተገኘ። አላህ ለውሸታም እንኳ ማስረጃ አይነፍግም።

እናቴ መድኃኒቱ ፀሐይ ከሆነ ትቀልዳለች? በማግሥቱ ሰሌኗን ተሸክማ ጣሪያ ላይ አወጣችኝ። ጣሪያችን ዙሪያውን በረጅም ግንብ የታጠረ ስለሆነ ሒጃብ ማውለቅ ይቻላል። በዲሾቹና በውሃ ታንከሮቹ መሃል ቦታ አመቻችታ አጋደመችኝና ከጎኔ ምስሯን ይዛ ተቀመጠች። እንደ ቂጣ ታገላብጠኛለች። «ዙሪ፣ ያኛው ጎንሽ አልበሰለም።» ከትምህርት ቤት ስመለስ ወደ ጣሪያ፣ በዓርብ ወደ ጣሪያ። ወተት በላዩ፣ ሰርዲን በላዩ። ዓርብ የምትመጣው የወሎ ልጅም መጥታ ታየኛለች፤ «እኔ በረሃ ለበረሃ ስንከራተት የሞላሁትን ፀሐይ ባካፍላት ጥሩ ነበር» ብላ ትስቃለች። ከዚህ በፊት የከሳሁና የገረጣሁ ነበርኩ። አሁን የከሳሁና የጠቆርኩ ሆንኩ። እናቴ «አልሐምዱሊላህ፣ ቀለሟ ተመለሰ» ትላለች።

እንዲህ ባለው ጊዜ ነው ሳምቡሳው የመጣው።

እናቴ ያ የፈጠርኩላት ምስጋና ሆዷን ሲያሞቀው ከርሟል። አንድ ቀን ጣሪያ ላይ «ያቺን መምህርት ባዶ እጄን ልተዋት ነው?» አለችኝ። «ያመሰገነሽን ሰው ዝም አይሉትም። ሳምቡሳ እወስድላታለሁ።»

በርግጌ ተቀመጥኩ። «እማ አይሆንም! አይፈቀድም!»

«ሳምቡሳ የማይፈቀድበት አገር የለም» አለች፤ ምስሯን መልቀም ቀጠለች።

ደግማ ስላላነሳችው የተወችው መስሎኝ ነበር፤ ልጇ ሆኜ አላውቃትም ማለት ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ ሂሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ ጭንቅላቴን ዴስክ ላይ ጥዬ በመስኮት ሳይ፣ አንዲት ዓባያ የለበሰች አጭር ሴት በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ትልቅ ትሪ በሁለት እጇ ይዛ ግቢውን ታቋርጣለች። አካሄዷን በሺህ ሰው መሃል አውቀዋለሁ። ትሪውን እንደ ሙሽራ ስጦታ ነው የያዘችው። ቀጥ ብላ ወደ ሙርሺዳዋ ቢሮ ገባች።

ወራት ሙሉ ምንም ያልተሰማው ልቤ ያን ጊዜ መምታት ጀመረ። አስተማሪዋን ሽንት ቤት ልሂድ ብላት ትፈቅድልኛለች፤ ሮጬ መድረስ፣ መሃል ገብቼ መቀመጥ፣ እንደ ሁልጊዜው ማስታረቅ እችላለሁ። እግሬ ግን አልንቀሳቀስ አለ። ኋላ ስረዳው እግሬ አውቆ ነው። የቀረኝ ጤነኛ አካል እሱ ብቻ ነበር።

የሆነውን ሙርሺዳዋ ናት ቆይታ የነገረችኝ። እናቴ ትሪውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ «ሹክራን፣ ሹክራን፣ ኢንቲ ኩወይስ» አለቻት፤ አመሰግናለሁ፣ ጥሩ ሰው ነሽ ማለቷ ነው። ሙርሺዳዋ ደነገጠች። ስልክ ላይ እንደ ዜና አንባቢ አረብኛውን ስታንቆረቁር የነበረችው እናት የት ሄደች? በአረብኛ አስረዳቻት፤ እናቴ ፈገግ ብላ አንገቷን ነቀነቀች። ደግማ አስረዳቻት፤ ነቀነቀች። ያን ጊዜ ሙርሺዳዋ መናገሩን ተወችው። ፎቶዬን ከኮምፒውተሩ ላይ አሳየቻት። ከዚያ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ጭንቅላቷን ጠረጴዛው ላይ ደፋች፣ በክንዷ ሸፈነችው፣ ቆየች፣ ቆየች። ቀና ብላ በጣቷ ከዓይኗ እስከ ጉንጯ እንባ ሠራች። ምግቡን ገፋ አደረገች። እጇን እንደ ስልክ ጆሮዋ ላይ አድርጋ «ኡም፣ ኡም» አለች፣ እናት ማለቷ ነው፤ ደግማ ፎቶዬን ጠቆመች። እናቴ ቆማ አየቻት። ፈገግታው ከፊቷ ላይ ሲወርድ አየሁት አለችኝ ሙርሺዳዋ። ከዚያ እናቴ «ኸላስ፣ አና ፈሂም» አለች። በቃ፣ ገብቶኛል።

ቤት ስገባ ትሪው ታጥቦ ተደፍቷል። የመጣውን ልቀበል ተዘጋጅቼ በሩ ላይ ቆምኩ። እናቴ «ሳምቡሳውን ወደዱት» አለች። ቀጥላ «ነይ፣ ጣሪያ እንውጣ» አለች።

ያን ቀን ምስር አልያዘችም። ማበጠሪያና ዘይት ነው የያዘችው። በጉልበቶቿ መሃል አስቀምጣኝ ያንን የኔን ፋሽን ከጫፉ ጀምራ መፍታት ጀመረች። ያማል። እሷም አልቸኮለች። ብዙ ቆይታ «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለቋጠሮው እንደምትናገር ሆና።

የሰሌኑን ጫፍ መዘዝ መዘዝ አደረግሁ።

«ስልክ ላይ እናት ነኝ ብለሻል አሉ።»

«አዎ።»

«ታዲያ ያቺ እናት ምን አለች?»

«ልጄ አሳሰበችኝ አለች። ብትነግረኝ ጥሩ ነበር አለች።»

የእናቴ እጅ ፀጉሬ ላይ ቆመ። «ደህና እናት ናት» አለች። «ከእኔ ቀድማ አወቀች።» ድምጿ ሲሰበር ሰማሁት። እኔም ያኔ ነው የፈራሁትን የጠየቅኋት፤ «ኹሩጅ ልትመቱልኝ ነው?» አልኳት።

«ማን? የት?» አፈፍ አድርጋ ፊቴን ወደ ራሷ አዞረችው። «አንቺን ልኬ እኔ እዚህ ለማን ልኖር? አብደሻል እንዴ?» ብላ ጮኸች። የጎረቤት ዲሽ ላይ የነበሩ እርግቦች ተነስተው በረሩ። ከዚያ ሁለታችንም እዚያ ሰሌን ላይ እንደ ሕፃን አለቀስን፣ ፀጉሬ ግማሹ ተፈትቶ፣ ግማሹ እንደተቋጠረ። አባቴ ያን ቀን ሲደውል እናቴ ስልኩን ይዛ መኝታ ቤት ገባችና በር ዘጋች። ሲወጡ፣ ማለቴ ስልኩና እሷ ሲወጡ፣ «ለቀጠሮው ቀን መኪናውን አቁሞ ይመጣል» አለችኝ።

መጣም። ክሊኒኩ በር ላይ አድርሶን እዚያው ውጭ መኪናው ውስጥ ቁርኣኑን ይዞ ቀረ። እኔ በልምድ መሃለኛውን ወንበር ልይዝ ስል እናቴ በክርኗ ገፋ አደረገችኝ።

«ተነሺ ከዚያ። ዛሬ አንቺ በሽተኛ ነሽ፣ ሥራ የለሽም።»

ራሷ ተቀመጠችበት። ሐኪሟና ባልደረባዋ ፊት ለፊታችን ናቸው። እናቴ ዓባያዋን አስተካከለች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች። እኔ ለዓመታት ሰው ፊት እንዳታወራው የተከላከልኩትን፣ ሰው እንዳይስቅባት እየዘለልኩ አፏን የዘጋሁበትን ያንን የማዳም ኩሽና አረብኛ አወጣችው።

«ዶክቶራ» አለች። «ቢንቲ ማፊ ከላም። ማፊ አክል። ኩሉ የውም ኖም። ማፊ ዲሕክ።» ልጄ አታወራም፣ አትበላም፣ ቀኑን ሙሉ እንቅልፍ፣ ሳቅ የለም። ቆም ብላ ትንፋሽ ወሰደች፤ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «አና ኸውፍ» አለች። እኔ ፈርቻለሁ።

ማንም አልሳቀም። እኔ ለራሴ በዚያ በጠራው አረብኛዬ ይህን ያህል አስረድቼ አላውቅም። አዲሷ ሐኪም ወንበሯን ወደ እናቴ ሳበችና ቀስ ብላ፣ ቃላቱን እየለየች፣ ረዘም አድርጋ ተናገረች። ሕክምናው ጊዜ ይወስዳል አለች። «መጀመሪያ የምንሞክረው መድኃኒት ላይስማማት ይችላል፤ ደህና ቀንም መጥፎ ቀንም ይኖራታል፤ ትምህርቱም ወደኋላ ሊጎተት ይችላል። ከእኔ ጋር በየሳምንቱ ትነጋገራለች፤ እናንተም ብቻዋን አትተዋት። ይሄን ያህል ጊዜ ብዬ ቃል ልሰጥሽ አልችልም፤ ግን በጊዜ አምጥተሻታል፣ የምንችለውን እናደርጋለን፣ የቀረው በአላህ እጅ ነው።»

እናቴ እያንዳንዷን ቃል ከአፏ ላይ ልትለቅም ጎንበስ ብላ ሰማቻት። ስትጨርስ አመሰገነቻት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኖቿ እርጥብ ናቸው፤ ፊቷ ግን የቆረጠ ሰው ፊት ነው። ያንን ፊት የት እንደማውቀው ወዲያው ገባኝ። አከራዩ ሲሳደብ እኔ ለእሷ የማሳየው ፊት ነው።

«ትድናለሽ ብላለች» አለችኝ በአማርኛ። «ምንም ጥርጥር የለውም ብላለች።»

አፌን ከፈትኩ፤ የዘጠኝ ዓመት ሙያ ነው። እናቴ ዓይኗን ሳትነቅል ታየኛለች። ዘጋሁት።

ሱዳናዊቷ ሐኪም መነጽሯን አወለቀችና በአረብኛ፣ እኔን ብቻ እያየች «በትክክል ነገረችሽ?» ስትል ጠየቀችኝ።

«አዎ» አልኳት። «ቃል በቃል።»